ለአንድ ሌሊት ብለው የወረዱበት ሰፈር

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ተወለድኩበት ሰፈር ነው፤ አዳማ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወንድሟ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶላት እናቴን አዝላ ከለገሃር ተሳፈረች። እናቴ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው። ሞጆን እንዳለፉ ልጅቷ በትኩሳት ነደደች። ናዝሬት ላይ ወረዱ፣ ለአንድ ሌሊት። ጣቢያው በር ላይ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አዩዋትና እጇን ይዘው ቤታቸው አስገቧት። እሳቸው አማርኛ ብዙም አይሉም፤ አያቴ ደግሞ ያኔ ኦሮምኛ አንድ ቃል አታውቅም። «ታዲያ በምን ተግባባችሁ?» ስላት፣ «ልጅ እየታመመ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?» ትለኝ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ «አዮ» እያለች ነው የጠራቻቸው፤ በኦሮምኛ «እናቴ» ማለት ነው። አያቴ ድሬዳዋን ሳታያት አረፈች።

የእኛ ቤት ነገር ብቻ ቢሆን አላወራችሁም ነበር። ግን ጎረቤት ብትጠይቁ እንዲሁ ነው። አንዱ ገንዘቡን ባቡር ላይ ተሰርቆ፣ መሳፈሪያ እስኪያገኝ ብሎ ወርዶ ቀረ። አንዷ ወታደር ባሏን ልትጠብቅ መጣች። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከከምባታና ከሐዲያ ለአገዳ ቆረጣ የመጡ አሉ፤ ወቅቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው የልጅ ልጅ አዩ። የሰፈራችን ሰው ለእንግዳ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ የማይጠይቀው ለዚህ ይመስለኛል። ማንም ያንን ጥያቄ መመለስ አይችልማ።

አገሩ ከባቡሩ በፊትም ባለቤት ነበረው። አዳማ የሚለው ስም ራሱ «አዳሚ» ከሚለው ኦሮምኛ ነው ይባላል፤ ቁልቋል ማለት ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ እዚህ የቆመው ጣቢያ ዙሪያውን ገበያ ሳበ። ናዝሬት የሚለውን ስም ያወጡላት አጼ ኃይለሥላሴ ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. አዳማ ወደሚለው ተመለሰ። እኔ አዳማ እላለሁ፣ ስሟ ነው። የአያቴን ታሪክ ሳወራ ግን ናዝሬት ይለኛል፤ የወረደችው ናዝሬት ነዋ!

በልጅነቴ ባቡሩ ሲቆም መስኮት ሥር የምትሰለፈው የሰፈሩ እናት ሁሉ ነበረች። የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ ቆሎ። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ገንዘቡን ያልከፈለ መንገደኛ በመስኮት ይወረውራል፤ እኛ ልጆች ለቅመን ለባለቤቷ እንሰጣለን። አንድም ሳንቲም ኪሳችን አይገባም ነበር። ብንሞክር የሚቀጣን ጎረቤቱ ሁሉ ነው።

ያ ባቡር ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የድሮው አዲስ አበባ ከገባ ልክ በመቶ ዓመቱ። ደስ ብሎኛል፣ አገር ያስፈልገዋል። ጣቢያው ግን ከመሀል ከተማው ርቆ ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመጣውም ሰው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ይመጣል፣ እንደተቀመጠ ይሄዳል። ልጇ የታመመባት እናት ዛሬ የማን በር ላይ ትወርዳለች? ይሄ በእውነት ያሳስበኛል።

የእኛ ቤት በር የሚያየው ወደ ሐዲዱ ነው፣ ጀርባው ለመንገድ። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ በመንገዱ በኩል በር ከፈቱ፣ ሱቅም አደረጉት። አያቴ በሕይወት እያለች እሺ አላለችም። አሁን እናቴም ደክማለች፣ ዞሮ መግባቱ ከበዳት። ከፋሲካ በኋላ በመንገድ በኩል በር እናስወጣለን። ግንበኛው የድሮውን በብሎኬት እንድፈነው ወይ ብሎ ጠየቀን። እናቴ፣ «አይነካ» አለችው።