የሴሉ ብርሃን ስንት ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም በሚያበራ ቀለም የተቀባን ናሙና የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ ምስል ያምራል። ዳፒ በተባለ የሚያበራ ቀለም የተቀባ ኑክሊየስ (የሴል አስኳል) በጥቁር መደብ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን «ይኼኛው ከዚያኛው ደምቋል» ብለን ብንጽፍ ገምጋሚው «በስንት?» ማለቱ አይቀርም። ኦራሚን በተባለ ሌላ የሚያበራ ቀለም በተቀባ አክታ ላይ የቲቢ ባክቴሪያ የምትቆጥሩ ባለሙያዎች፣ ማየትና መቁጠር እንደሚለያዩ ከማናችንም በላይ ታውቃላችሁ።

ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) የብርሃኑን መጠን የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ በ8 ቢት ምስል ከ0 እስከ 255፣ በ16 ቢት ከ0 እስከ 65,535።

ይህን ቁጥር የምንለካበት ሶፍትዌር ውድ ነው ብላችሁ አትስጉ። ኢሜጅጄን ዌይን ራስባንድ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሠራው፤ በነፃ ይገኛል። በእሱ ላይ የተገነባው ፊጂም፣ ሴልፕሮፋይለርም እንዲሁ። አንዴ ካወረዳችኋቸው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራችሁ አይቆምም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ከባዱ ልኬቱን እውነተኛ ማድረግ ነው። ሁለት ሴሎች እንውሰድ፤ የሁለቱም ስፋት 500 ፒክስል ይሁን። የአንዱ አማካይ ብርሃን 120፣ የሌላው 80 ቢሆን፣ አንደኛው አንድ ተኩል እጥፍ ደምቋል እንላለን። ሴል የሌለበትን ባዶ ቦታ ስንለካ ግን 40 አገኘን እንበል። ይህ ባክግራውንድ ከሁለቱም ሲቀነስ 80 እና 40 ይቀራሉ፤ ልዩነቱ ሁለት እጥፍ ሆነ! ባክግራውንዱን ያልቀነሰ ሰው የጻፈው ውጤት ስለ ሴሉ ብቻ አይናገርም።

ብርሃኑ ከካሜራው አቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ፒክስሉ ከፍተኛው ቁጥር ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የነበረውን ልዩነት የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በደማቁ ናሙና ላይ አስተካክሉና ለሁሉም ናሙና ሳትነኩት አንሱ። ምስሉን ቲፍ በተባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የፒክስሉን ቁጥር ይለውጣል። በኢሜጅጄ የብሩህነት ማስተካከያውን ብታንቀሳቅሱ የሚለወጠው ዕይታው ብቻ ነው፤ «አፕላይ» የሚለውን ከተጫናችሁ ግን ቁጥሩም ይለወጣል።

ሴሉን ከባክግራውንዱ የሚለየውን ትሬሽሆልድ (የብርሃን ወሰን) በየምስሉ በዓይናችሁ አትምረጡ። ወሰኑን ከፒክስሎቹ ቁጥር የሚያሰላውን ኦትሱን ወይም ሌላ ዘዴ አስቀድማችሁ ወስኑና በሁሉም ላይ ያንኑ ተጠቀሙ። የተጣበቁ ኑክሊየሶችን «ወተርሼድ» የተባለው የሶፍትዌሩ ትእዛዝ ይለያቸዋል፤ አንዳንዴ አንዱን ለሁለት ስለሚከፍል ግን ውጤቱን በዓይን አረጋግጡ።

በአንድ ነገር ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። መድኃኒት ስትሞክሩ ከአንድ አይጥ 300 ሴል ብትለኩ፣ መድኃኒቱን የሞከራችሁት በአንድ አይጥ ላይ ነው። የናሙናውን ብዛት 300 ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ዛሬ የምትሠሩባቸው ፋይሎች ስም በኮድ ተተክቷል። መድኃኒት ያገኘው የትኛው እንደሆነ ልኬታችሁን እስክታስረክቡ አንነግራችሁም። እባካችሁ ፊጂን ክፈቱ፤ የመጀመሪያውን ምስል ሂስቶግራም (በየብርሃን ቁጥሩ ስንት ፒክስል እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ) አውጡና ቀኝ ጫፉ ላይ፣ ማለትም ከፍተኛው ቁጥር ላይ፣ የተከመረ ፒክስል መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

አመሰግናለሁ።