ኳራንቲን ከቤት ሲሆን፦ አውሮፕላኑ ሳያርፍ የሚያልቅ ሥራ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ከውጭ አገር ተመልሶ ቤቱ ተለይቶ ስለሚቆይ ሰው ነው፤ በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚኖርበት ቤት።

ታስታውሳላችሁ፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቆይ ተደረገ። ቤት ውስጥ መለየት የተፈቀደው ቆየት ብሎ ነው። ሆቴል ሲሆን መጸዳጃ ቤቱ የብቻ ነው፣ ምግብ በር ላይ ይቀመጣል፣ ዘመድ አይገባም። ቤት ሲሆን ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ መንገደኛው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ክፍሉ አልቆ መጠበቅ አለበት።

ክፍሉን ስትመርጡ መጀመሪያ መስኮቱን እዩ። ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ኮሪደር ከሚከፈት ሰፊ ሳሎን ይሻላል። ቫይረሱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ኮሪደሩን የምትጋሩት ደግሞ ከጎረቤት ጋር ነው። መስኮቱ ይከፈት፣ በሩ ይዘጋ። «ብርድ ይመታዋል» የሚለው ክርክር መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው። የተያያዘ ከሰል ክፍሉ ውስጥ እንዳታስገቡ። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ተዘግቶ የሚተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

መጸዳጃ ቤት የጋራ ከሆነ፣ ተለይቶ ያለው ሰው ሁሌም የመጨረሻው ተጠቃሚ ይሁን። ማስክ አድርጎ ይግባ፣ ክዳኑን ዘግቶ ውሃ ይልቀቅ፣ የነካውን ራሱ ይወልውል፤ የበር እጀታ፣ ቧንቧ፣ ማብሪያ ማጥፊያ። መስኮቱን ከፍቶ ይውጣ። ቀጥሎ የሚገባው ሰው ትንሽ ይታገስ፣ አየሩ እስኪቀየር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ለእሱ የተለየ ጀሪካን ሞልታችሁ አስቀምጡ። ውሃ የሌለበት ቀን እጅ መታጠብ መጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው።

ስለ በረኪና ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ማድረግ ሳንባና ቆዳ ያቃጥላል እንጂ የተሻለ አያጸዳም። ሙቅ ውሃ አይሆንም፣ ጉልበቱን ያጠፋዋል። መጀመሪያ በሳሙና ቆሻሻውን አንሱ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን የሚጨርሰው በቆሻሻው ነው። ከዚያ ቀቡት፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ለስልክ በረኪና ሳይሆን 70 በመቶ አልኮል ነው። ሳህንና ብርጭቆ ግን በተራ ሳሙና ቢታጠብ በቂ ነው።

ምግቡ በራሱ ሳህን ይቅረብለት። በር ላይ ወንበር አድርጉ፣ ሳህኑን አስቀምጡ፣ አንኳኩ፣ ራቁ። ከአንድ ትሪ መብላትና ጉርሻ ለጊዜው ይቆይ። እናት ልጇን ከስንት ጊዜ በኋላ አግኝታ አለማጉረስ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ አንገት ማቀፍም እንደዚያው። ለዚህ ነው ቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው። በተለይ አያቶች፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ከቻሉ እነዚህን ቀናት ሌላ ዘመድ ጋ ቢያሳልፉ እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቆጠራው። የደረሰበት ቀን ዜሮ ነው፤ አንድ የሚባለው ማግስቱ ነው። የኮቪድ ምልክት ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ቢመጣም እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ኤርፖርት ላይ ኔጌቲቭ የተባለ ሰው ነጻ ነኝ ብሎ መውጣት የለበትም፤ ቫይረሱ ገና በምርመራ ሊታይ እስከሚችል ድረስ አልተራባ ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ከተጋሩና አንዱ ከታመመ፣ ጤነኛው ቆጠራውን ከታማሚው ጋር ከተለየበት ቀን እንደገና ይጀምራል። ኢቦላ ወይም ማርበርግ (እንደ ኢቦላ ያለ ገዳይ የቫይረስ በሽታ) ካለበት ቦታ ለመጣ ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ክትትሉ 21 ቀን ነው፣ የጤና ባለሙያም ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት።

ሙቀት ጠዋትና ማታ ይለካ፣ በወረቀት ይጻፍ። ፓራሲታሞል ከተዋጠ ትኩሳቱ ለሰዓታት ይደበቃል፤ ስለዚህ ከመዋጡ በፊት ይለካ። በአፍ የሚለካ ከሆነ ከትኩስ ቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳል ከጀመረ፣ ደውሉ። ኮቪድ በነበረበት ጊዜ ነጻ የስልክ መስመሮቹ 8335 እና 952 ነበሩ። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ከዘባረቀ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መጠበቅ የለም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አታስገቡት። በመኪና ከሄደ ከኋላ ይቀመጥ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ይከፈቱ፣ ሐኪም ቤቱ ቀድሞ ይነገረው።

የቀረኝ እንኳን ደህና መጣህ ሊል የሚመጣው ሰው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። በር ላይ ቆሞ ጎረቤትን መመለስ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «በ15ኛው ቀን ቡና አለ፣ ያኔ ኑ» በሉ። ቀን የተቆረጠለት ሰው አይቀየምም። ለቅሶ ቢገጥመው ደግሞ ለእድሩ ሰብሳቢ በስልክ ይነገር፣ ቤተሰቡ እሱን ተክቶ ይገኝ። በመሃል በስልክ አዋሩት፣ ከመስኮት ሥር ቆማችሁ አጫውቱት። ብቻውን የተተወ ሰው ነው በሰባተኛው ቀን ሾልኮ የሚወጣው።