የአዛውንትን ፊት በእርሳስ፦ ምኑን እንየው?

ክቡራትና ክቡራን የጅማ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የሥዕል ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ፊት ለፊታችን የተሰቀለው ኮፊያ ያደረጉ አባት የእርሳስ ሥዕል ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲታይ «ቁርጥ ፎቶ!» ይባላል። ከልብ የመጣ ምስጋና ነው፤ የሠዓሊው ትልቁ ድካም ግን ሌላ ቦታ ነው። የትኛውን አጥቁሮ የትኛውን ሳይነካ እንደተወው ካላየን ሥዕሉን ገና አላየነውም።

መጀመሪያ ሦስት አራት ሜትር ራቅ በሉ። ብርሃኑ የመጣው ከላይ፣ ከእኛ በስተግራ ነው። ስለዚህ በስተቀኝ ያለው ጉንጭ፣ የአፍንጫው ሥርና ከአገጭ በታች ያለው አንገት አብረው ጠቁረዋል። እነዚህ ጥላዎች ካልተስማሙ፣ የቱንም ያህል ሽብሽብ ቢደረደር ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ቅረቡ። የአዛውንት ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግንባር ላይ ነው። ጀማሪ እያንዳንዱን ሽብሽብ በሹል እርሳስ ያሰምረዋል፤ ያኔ ግንባሩ የተቧጨረ ይመስላል። የቆዳ እጥፋት ግን ብርሃን የሚያርፍበት ጉብታና የሚጠቁር ጎድጓዳ አለው። ከቅንድባቸው በላይ ያለውን እጥፋት ተመልከቱ፤ መሃሉ ላይ ጠቁሮ፣ ወደ ጆሮ ሲሄድ እየሳሳ ጠፍቷል። ዓይናቸውንም እዩ። የላይኛው ቆብ ወርዷል፤ በብሌኑ ዙሪያ ባለው ቡናማ ክብ ጠርዝ ላይ ደግሞ በብዙ አረጋውያን የሚታየው ግራጫ ቀለበት አለ። የወጣት ዓይን መሣል የለመደ እጅ ይህን ጠርዝ ድፍን አድርጎ ያጠቁረውና ዕድሜያቸውን ይቀንሰዋል።

ጢሙን በተመለከተ፣ ተራ እርሳስ ሽበት አይሥልም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሠዓሊው ያጠቆረው በፀጉሮቹ መካከል ያለውን ጥላ ነው። ለዚህ ሥራ የእርሳስ ቁጥር ወሳኝ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 ግራፋይትን፣ ማለትም የእርሳስን ጥቁር ማዕድን፣ ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት የሚተኮስ እርሳስ ካስመዘገበ ወዲህ ሸክላው ሲበዛ ጠንካራና ፈዛዛ፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ይገኛል። በእርሳሱ ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች ኤችቢ (HB) መካከለኛው ነው፤ ከቢ (B) በፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። በኤችቢ ጀምሮ፣ በ2ቢ እና በ4ቢ ጥላውን ማደርጀት፣ 6ቢን ለዓይን ብሌንና ለአፍንጫ ቀዳዳ ማቆየት ይበጃል። ገና ከጅምሩ ተጭነው ካጠቆሩት ወረቀቱ ይሰረጉዳል፤ ላጲስ አይመልሰውም።

ተማሪዎች፣ እባካችሁ ጥላ በጣት አትሹ። የጣት ወዝ ግራፋይቱን ይዞ ነጠብጣብ ያስቀራል፤ ቆዳውም እንደተለሰነ ግድግዳ ሆኖ ሕይወቱ ይጠፋል።

የእርሳስ ሥዕል ቤታችሁ ላላችሁ ደግሞ፣ የጅማ ክረምት ረጅም ነው። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይቆለመማል፣ ይሻግታል። ሥዕሉ መስታወቱን ከነካ ግራፋይቱ ወደ መስታወቱ ይዛወራልና በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የካርቶን ጠርዝ ይግባ። ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ፀሐይም በቀጥታ አይምታው፤ ወረቀቱን ቢጫ ታደርገዋለች።

ይህ ሥዕል ገና መስታወት አልገባለትም። ቀርባችሁ እዩት፤ በእጅ ብቻ አትንኩት።

አመሰግናለሁ።