የፊንጫ ሀበራ ሰዎች እና የተጠበሰው ፍልፈል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወደ ባሌ ተራሮች ነው የምንወጣው። ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣው ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ተቀምጠውበት እንደነበር አሳየ። ባልጩታቸውን የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ነው፣ አስቡት በዚያ ብርድ! ከሚበሉት ዋነኛው ደግሞ ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ ከባሌ ውጭ የማይገኘው፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው፣ ወደ አንድ ኪሎ የሚመዝነው።

እኔን የሚያሳስበኝ «በሉት» ለማለት የምንቸኩለው ነገር ነው። ፍልፈል ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ገብቶ ሊሞት ይችላል። ጉጉትም ትናንሽ አይጦችን በልታ አጥንታቸውን ዋሻ ውስጥ ትተፋለች፤ ይህ ዓይነቱ አጥንት ግን በሆድ አሲድ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ላይ ይታወቃል።

ስለዚህ ቃጠሎውን ማንበብ ያስፈልጋል። እንስሳው ሙሉውን እሳት ላይ ከተጠበሰ፣ የሚከስለው ሥጋ ያልሸፈነው ቦታ ነው፦ የፊት ጥርሱ ጫፍና የእግሩ ጫፍ። ሥጋ የያዘው የጭን አጥንት መሃሉ ሳይነካ ይተርፋል። ሁሉም እኩል ከከሰለ ግን ተጠንቀቁ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከላይ የነደደ እሳት፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ወርዶ ከሥር የተቀበረውንም አጥንት ሊያከስል ይችላል። ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ላይ አጥንት ይጠቁራል፤ ከ600 ካለፈ ወደ ግራጫና ነጭ ይሄዳል። አፈር ውስጥ ያለ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድንም አጥንትን ያጠቁራል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን ስለሆነ ስብራቱን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አጥንቱ ከተገኘ ነው። በ5 ሚሊሜትር ወንፊት የነፋ ሰው የፍልፈሉን ጥርስና የጣት አጥንት ከአፈሩ ጋር ደፋው ማለት ነው፤ ትልልቁ አጥንት ብቻ ይቀርና አዳኞቹ ትልቅ እንስሳ ብቻ ይበሉ የነበሩ ይመስላል። 2 ሚሊሜትር ይሻላል፣ በውኃ ሲሆን 1 ሚሊሜትር። የታጠበውን ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ የተቃጠለ አጥንት ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ሌላው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ያለው 16,000 ዓመት ሳያቋርጡ ኖሩ ማለት አይደለም። በሁለት ምድጃዎች መካከል የጅብ ኩስ ያለበት ንብርብር ከተገኘ፣ በዚያ ጊዜ ዋሻው የጅብ ነበር።