ብድሩ በምን ይከፈላል?

ክቡራንና ክቡራት የጉባኤው ተሳታፊዎች፣

የመንግሥት ዕዳ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው ዕዳው ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ስንት በመቶ ደረሰ የሚለው ነው። ይህ መለኪያ ለብቻው ሲወሰድ ያሳስታል። የጃፓን መንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ አበዳሪ አላጣም፤ የኢትዮጵያ ግን ከግማሽ በታች እያለ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ለዩሮቦንድ (መንግሥት በውጭ ገበያ በዶላር ለሸጠው የብድር ሰነድ) ባለቤቶች ሊከፈል የሚገባው 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ወለዱን ያልከፈልኩት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ስል ነው ብሏል። ይሁንና የእኩልነት ጥያቄ የሚነሣው ለሁሉም የሚበቃ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጃፓን የምትበደረው በራሷ የን፣ በአብዛኛውም ከገዛ ዜጎቿና ተቋሞቿ ነው። እኛ የውጭ ዕዳችንን በዋናነት በዶላር እየከፈልን ግብር የምንሰበስበው በብር ነው። ስለዚህ ለእንደ እኛ ዓይነት አገር ወሳኙ ጥያቄ ብድሩ የገባበት ሥራ ዶላር ያስገኛል ወይ የሚለው ነው።

ይህንኑ በ2007 ዓ.ም በ6.625 በመቶ ወለድ የተሸጠውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ እንውሰድ። ገንዘቡ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለባቡርና ለስኳር ልማት ታስቦ ነበር። ስኳር ለውጭ ገበያ እናቀርባለን ተብሎ የታቀደባቸው ፋብሪካዎች ግንባታ ሲጓተት፣ ስኳር በዶላር መግዛታችንን ቀጠልን። በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን የሚያመላልሰው ጭነት በአብዛኛው ገቢ ሸቀጥ በመሆኑ የብድሩን ዶላር በራሱ አያመነጭም፤ የዚሁ የቻይና ብድር የመክፈያ ጊዜም በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ግድ ሆነ። ማራዘም እፎይታ ይሰጣል፤ የዶላሩን ምንጭ ግን አይፈጥርም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ ለላኪዎች የዘገየ ፍትሕ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም አንድም አዲስ ዶላር ሳንበደር በበጀቱ ላይ የተጫነው የውጭ ዕዳ ክፍያ በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ተጠጋ።

የብድር ስምምነቶች ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርቡ ማብራሪያው ወለዱን፣ የእፎይታ ጊዜውንና የመክፈያ ዘመኑን ይዘረዝራል። በዚሁ ማብራሪያ ላይ ክፍያው የሚሸፈንበት የውጭ ምንዛሪ ከየትኛው ምርት ወይም አገልግሎት፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚገኝ የሚገልጽ አንቀጽ እንዲጨመር፣ ይህ ያልተመለሰበት ብድርም እንዳይጸድቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።