ልጆቻችን ሲጠየቁ ምን ይበሉ? (የማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፣ ከኮምቦልቻም ከሌላም ቦታ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል፣ እኔ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስለ ልጆቻችን የሃይማኖት ትምህርት።

ደሴ ላይ ካቶሊክ ሆኖ ማደግ ሲጠየቁ መኖር ነው። ጎረቤቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ኦርቶዶክስ፣ ክላስ አብሮት የሚቀመጠው ፕሮቴስታንት፣ ወሎ ነዋ፣ ቡናውንም ለቅሶውንም አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ መጠየቁ ክፋት የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ የኛ ልጅ ዝም ማለቱ ነው። በቅርቡ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ "እናንተ ማርያምን ነው አሉ የምታመልኩት" ሲሏት የምትለው አጥታ እያለቀሰች ቤቷ ገባች፣ እናቷን ብትጠይቅ "ተያቸው፣ እግዜር ያውቃል" ነው የተባለችው። ልጅቷን ይሄ አይበቃትም!

መልሱ እኮ እጃችን ላይ ነው። የምናመልከው አንድ እግዚአብሔርን ነው፣ እመቤታችንን ለምኝልን እንላታለን፣ በመቁጠሪያ የምንደግመው ጸሎት ራሱ የሚያልቀው ለምኝልን ብሎ ነው።

"ፖፑ አይሳሳትም ትላላችሁ" የሚባለውም እንደዛው፣ ፌስቡክ ኮሜንት ላይ የማይጠፋ ነገር ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ (የጳጳሳት ትልቁ ስብሰባ) የወሰነው በጣም ጠባብ ነገር ነው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (ፖፑ) የመላው ቤተክርስቲያን እረኛ ሆነው አንድን የእምነት ወይም የሥነ ምግባር ትምህርት በመጨረሻ ውሳኔ ሲያውጁ ብቻ ማለት ነው፣ ከዛ ወዲህ እንደዛ የታወጀው በ1950 እ.ኤ.አ. የእመቤታችን ፍልሰታ ነው (ነሐሴን ለሚጾም አገር ፍልሰታ እንግዳ አይደለችም)። ከዛ ውጪ እሳቸውም ሰው ናቸው፣ ይሳሳታሉ፣ ይናዘዛሉ።

"ክርስቶስን ለሁለት ትከፍላላችሁ" ለሚለው ደግሞ ልጆቻችን ይሄን ይወቁ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የኛው ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ እና የግብፅ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ቫቲካን ላይ አብረው ፈርመዋል፣ መለኮቱና ሰውነቱ ያለ መቀላቀል ያለ መለያየት አንድ ሆነዋል ብለው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን "የፈረንጅ ሃይማኖት" የሚለው ነው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ሰው ናቸው፣ የተማሩ የኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበሩ፣ መርምረው ካቶሊክ ሆኑ፣ እምነቴን አልክድም ብለው በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር እንዳሉ አረፉ። ቅዳሴያችን የግዕዝ ነው፣ ገናችን ታኅሣሥ 29 ነው፣ ሀገረ ስብከታችንም ባህር ዳር-ደሴ ተብሎ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ጳጳስ ያለው ነው። ይሄን የማያውቅ ልጅ እንዴት አድርጎ ይመልስ?

ትምህርት ቤት ያስተምርልን እንዳንል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፣ እኔም ትክክል ነው እላለሁ፣ በተለይ እንደኛ ባለ ቅይጥ አገር። አንቀጽ 27 ደግሞ ልጆቻችንን በእምነታችን የማሳደግ መብት ለኛ ለወላጆች ሰጥቶናል፣ ስለዚህ ሥራው የኛ ነው፣ ለቆሞሱ ብቻ ጥለነው የምንሄደው አይደለም። ልጆቻችን ተምረው ከሰው እንዲከራከሩ አይደለም የምፈልገው፣ ቤተክርስቲያናችን ራሷ በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምታይ ጽፋለች፣ የራሱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ የጎረቤቱንም ረጋ ብሎ ይሰማል።

የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚቆይ የልጆች ክፍል ይኑረን፣ ወላጅም አብሮ ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ቁርባን ከተቀበልን ወዲህ ትምህርተ ክርስቶስ ገልጠን አናውቅም። አስተማሪ ለመሆን ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ፣ ከሻይ በኋላ ሰዓቱንና የመጽሐፍ ወጪውን ተነጋግረን እንወስናለን።