«ምጣድ አይቻልም»
(ለአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የክበቡ አባላት፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የሰጣችሁኝ ርዕስ «የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት እያንዳንዳችን ምን እናድርግ?» የሚል ነው። መልሱን ግን ቀድማችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁታል፦ መብራት አጥፉ፣ ፌስታል አትያዙ፣ ከሰል አታቃጥሉ። እኔ ዛሬ ከሰሉ ላይ ልቆይ። (በነገራችን ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ውሃ ሳይሆን ጆግ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚወራበት ስብሰባ ሁሉ ይህ አይገኝም።)

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የተከራየች ሴት እናስብ። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ቤቱን ልታይ ስትመጣ አከራይዋ ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የሚነግሯት «ምጣድና ስቶቭ አይቻልም» የሚለውን ነው። ስታወሩ እሰማለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ቤት ይህን ያውቀዋል ማለት ነው።

አከራይዋ ክፉ ሆነው አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ በአንዴ እንደማብራት ነው። በአንድ ቆጣሪ ላይ ሁለት ተከራይ እኩል ከሰካ ቆጣሪው ይዘጋል፣ ያረጀው ሽቦ ይግላል፣ እሳት ሊነሳም ይችላል። ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ «አንቺ ነሽ የጋገርሽው፣ እሷ ናት» የሚል ጭቅጭቅ አለ። ስለዚህ ሴትየዋ እንጀራዋን ከሱቅ ትገዛለች፤ ወጡንና ቡናውን በከሰል ትሠራለች። ማዳበሪያ ሙሉ ብትገዛ ይረክስላት ነበር። ብሩ በአንዴ ስለማይሞላላት ግን በትንሽ በትንሹ እየገዛች የበለጠ ትከፍላለች።

ምጣድ የተፈቀደላትም ብትሆን ከሰል ከቤቷ አይጠፋም። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ገና ሁለተኛው እንጀራ ሲወጣ መብራት ድርግም ይላል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጥጉን ይዛ የምታዩዋት የከሰል ማዳበሪያ ለዚያ ቀን የተቀመጠች ናት።

ታዲያ ለዚህች ሴት «ከሰል አታቃጥዪ» ማለት ምን ይጠቅማታል? ጭሱ የሚገባው በእሷ ሳንባ ነው። ገንዘቡም የሚወጣው ከእሷ ቦርሳ ነው። ግራሩ ተቆርጦ እንዳለቀም ከኛ በላይ ታውቃለች፤ በየዓመቱ ከሰል ሲወደድ እያየች ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን በልኩ እንየው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሰል ነገር በዓመት የሚያወጣው የካርቦን ጋዝ በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው። አሜሪካዊው 14 ቶን ገደማ ያወጣል። ግን እዚያ ያሉትን ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው። ያለ መኪና ዳቦ እንኳ መግዛት የማይቻልበት ሰፈር ሞልቷል፤ አውቶቡስ የለም፣ የእግረኛ መንገድ የለም። እነሱም ቢሆኑ መኪናውን የሚነዱት ስለሚያምራቸው ብቻ አይደለም። ዕዳውን የከፈለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በቦረና 5 ተከታታይ የዝናብ ወቅት ሲከሽፍ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የትኛውን አኗኗሩን ይቀይር?

በፈረንጆቹ 2020 የሆነውንም አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት ዓለም ቤቱ ተዘጋበት። አውሮፕላን ቆመ፣ ከተሞች ጭር አሉ። ያ ሁሉ ሆኖ የዓመቱ የካርቦን ልቀት የቀነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ወጣ። ሰው ቤቱ ቢቀመጥም የኃይል ማመንጫው፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካው ያው ነበራ።

አሁን ከኋላ ያለው ልጅ «እንግዲያው መንግሥት ይሥራው፣ እኛ አርፈን እንቀመጥ» ሊል ነው። እሱም አያዋጣም። ቀጫጭን ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ፌስታል አጥር ላይ ሲውለበለብ ኖረ? የሚጠይቅ ሰው አልነበረማ። በ2017 ደግሞ ሌላ አዋጅ ጸደቀ። ቀላል ባቡሩንም እዩት። በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ከ2 እስከ 6 ብር የሚያስከፍል፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚያደርስ ነበር። ከታክሲ ሰልፍ ብዙ ሰው ገላገለ። ቆይቶ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ ተሳፋሪው ዝም ብሎ ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመለሰ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ዝምታ ነው።

እኛ እኮ የግለሰብ ጥረት እንዴት ትልቅ ነገር እንደሚሆን ከማንም በላይ እናውቃለን። ከ2003 ጀምሮ ወላጆቻችሁ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተዋል። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ አስቆርጧል፣ ሊስትሮው ሳይቀር አዋጥቷል፣ በ8100 አጭር መልእክት ተልኳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አንድ ሰው ብቻውን አምፖል በማጥፋት ይህን አያመጣም። ግን ያ ሁሉ ሰው ባያዋጣ ኖሮም አይመጣም ነበር።

ታዲያ ቦንድ የገዛች ሴት ምጣድ ተከልክላ በከሰል ስትጨስ ዝም ይባላል? ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት እንዳላገኘም አልረሳሁም። ለገጠሩ መስመሩ እስኪደርስ እንጨት የሚቆጥበው «ምርጥ» ምድጃ ትልቅ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ ግን ጉዳዩ የመጨረሻዋ ሃምሳ ሜትር ናት፤ ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦውና ቆጣሪው።

ስለዚህ ለክበቡ አንድ የቤት ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። ዘንድሮ ችግኝ ትከሉ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን በየሰፈራችሁ ዞራችሁ ጠይቁ፦ ስንት ተከራይ ምጣድ ተከልክሏል? በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤት አለ? የተለየ ቆጣሪ ጠይቆ ያልተሰጠው ማነው፣ ምንስ ተብሎ? መብራት በየትኛው ሰዓት ይጠፋል? የሰው ስም አትጻፉ፤ ቁጥሩ ይበቃል። ዝርዝሩን ይዛችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር ወደ ወረዳውና ወደ መብራት ኃይል ቅርንጫፍ ሂዱ። መልስ ካላገኛችሁ ኃላፊውን እዚህ አዳራሽ ጋብዟቸው፤ ልክ እኔን እንደጋበዛችሁኝ።

መጠይቁን ለማዘጋጀት ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። የሚመጣ ሰው ለመምህሩ ስሙን ያስመዝግብ። አመሰግናለሁ።